ሁለተኛዋን ምድር የሚጋርዳት ኮከብ

ሃይንሪክ ሽቫበ በጀርመኗ ዴሳው ከተማ መድኃኒት ቀማሚ ነበር። ከ1826 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሰማዩ በጠራ ቁጥር ቴሌስኮፑን ወደ ፀሐይ እያዞረ በገጿ ላይ ያየውን ሁሉ በወረቀት ያሰፍር ነበር። የሚፈልገው ፕላኔት ነው። ከሜርኩሪ ይልቅ ለፀሐይ የቀረበች፣ ከብርሃኑ ብዛት የተነሳ እስካሁን ያልታየች ፕላኔት ትኖራለች ብሎ ያስብ ነበር። እንዲህ ያለችው ፕላኔት በፀሐይ ፊት ስታልፍ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ሆና መታየት አለባት። የፀሐይ ገጽ ደግሞ የራሱ ጥቁር ነጠብጣቦች አሉት። አንዱን ከሌላው ለመለየት ነጠብጣቦቹን አንድ በአንድ ከመመዝገብ ሌላ መንገድ አልነበረውም። 17 ዓመት መዘገበ። ፕላኔቷ አልተገኘችም፤ የለችምና። መዝገቡ ግን ማንም ያልጠበቀውን ነገር አወጣ፤ የፀሐይ ነጠብጣቦች በአሥር ዓመት ገደማ ዑደት እየበዙ እየተመናመኑ ይመላለሳሉ። ሽቫበ ይህን በ1843 አሳወቀ። የዑደቱ አማካይ ርዝመት 11 ዓመት መሆኑ ዛሬ ይታወቃል።

በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ ምድርን የምትመስል ፕላኔት የሚፈልጉ ተመራማሪዎች አሁን የቆሙት ሽቫበ በቆመበት ቦታ ነው ብል አላጋነንሁም። መሣሪያው ረቅቋል፣ ስሌቱ ተራቅቋል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። ይህ የታየው ምልክት የፕላኔት ነው ወይስ የኮከቡ የራሱ? ብዙ ሰው የሁለተኛዋ ምድር ፍለጋ የዘገየው በቂ ትልቅ ቴሌስኮፕ ስለሌለ ይመስለዋል። መሣሪያ አሁንም ያስፈልጋል። ነገር ግን ፀሐይን በመሰሉ ከዋክብት ዘንድ ዛሬ ከሁሉ የከበደው እንቅፋት ኮከቡ ራሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕላኔት በኮከብ ዙሪያ ትዞራለች ስንል ኮከቡ ተተክሎ የቆመ ይመስለናል። አይደለም። ሁለቱም በጋራ የክብደት ማዕከላቸው ዙሪያ ይዞራሉ፤ ፕላኔቷ ሰፊውን ክብ ስትዞር ኮከቡ በትንሿ ይዞራል። ስለዚህ ኮከቡ አንድ ጊዜ ወደ እኛ ይጠጋል፣ አንድ ጊዜ ይርቃል። ሲጠጋ የብርሃኑ ሞገድ ጥቂት ያጥርና ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፤ ሲርቅ ይረዝምና ወደ ቀይ ያዘነብላል። የኮከቡን ብርሃን በስፔክትሮግራፍ ሲበትኑት በቀለሞቹ መካከል በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። የእነዚህ መስመሮች መንሸራተት የኮከቡን ፍጥነት ይናገራል። ፕላኔቷን ራሷን ማየት አያስፈልግም።

ሚሼል ማዮር እና ዲዲዬ ኬሎ በ1995 ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ዙሪያ የመጀመሪያዋን ፕላኔት ያገኙት በዚህ ዘዴ ነው። 51 ፔጋሲ የተባለው ኮከብ በአራት ቀን ከጥቂት ሰዓት አንዴ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዝ ነበር፤ ፍጥነቱም በሰከንድ ከ50 ሜትር በላይ ነው። ሁለቱ ሰዎች በ2019 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንዲት ፕላኔት ሲያድል ኢትዮጵያ ኮከቡን ቡና፣ ፕላኔቷን አቦል ብላ ሰየመች፤ አቦልም የታወቀችው በዚሁ ዘዴ ነው። አቦል በክብደት ከጁፒተር በአራት እጥፍ የምትበልጥ ግዙፍ ፕላኔት ናት፤ ኮከቧን ቡናን በሰከንድ 50 ሜትር ገደማ ታነቃንቀዋለች። እንዲህ ያለ ጉልበተኛ ምልክት በቀላሉ አይሰወርም።

ምድራችን ፀሐይን የምታነቃንቀው ግን በሰከንድ 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ያውም ዓመት ሙሉ ተጠብቆ። አንድ ሕፃን እየዳኸ ከዚህ ይፈጥናል።

ይህን ለመለካት የሚሠሩት መሣሪያዎች በእውነት የሚያስደንቁ ናቸው። በቺሊ ላ ሲያ ተራራ ላይ ከ2003 ጀምሮ የሚሠራው ሃርፕስ የተባለ ስፔክትሮግራፍ አየር በወጣለት ጋን ውስጥ ታሽጎ፣ ሙቀቱ ከአንድ ዲግሪ መቶኛ በላይ እንዳይዛነፍ ተደርጎ ተቀምጧል። የኮከብ ፍጥነት በሰከንድ አንድ ሜትር ሲለወጥ፣ መስመሮቹ በካሜራው ላይ የሚንሸራተቱት የአንዲት ፒክስል ሺህኛ ያህል ነው። የምድርን 9 ሴንቲ ሜትር ማየት ማለት ጥቂት አተሞች ጎን ለጎን ቢደረደሩ የሚይዙትን ስፋት መለየት ማለት ነው። የሃርፕስ ተከታይ የሆነው፣ በዚያው በቺሊ በፓራናል ተራራ የሚገኘው ኤስፕሬሶ ደግሞ በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትርን ዒላማ አድርጎ የተሠራ ነው። ከመሣሪያው ወገን ያለው ሥራ ዳር እየደረሰ ነው ለማለት ይቻላል።

ከኮከቡ ወገንስ? ፀሐይን እንውሰድ፤ ከከዋክብት መካከል ረጋ ካሉት የምትመደብ ናት። ገጿ ግን አንዲት ደቂቃ አያርፍም። ከሥር የሚወጣው ትኩስ ጋዝ እሳት ላይ እንዳለ ሽሮ እየተንተከተከ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይሰምጣል። እያንዳንዱ አረፋ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ዕድሜው ከ10 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። የሚወጣው ትኩስ ስለሆነ ይበልጥ ያበራል፤ የሚሰምጠው ፈዘዝ ይላል። ስለዚህ ከሩቅ ለሚያይ ሰው የፀሐይ ገጽ በጠቅላላው ወደ እሱ የሚመጣ ይመስለዋል፤ ብርሃኗ ጥቂት ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ ነው። በዚህ ላይ ፀሐይ በአምስት ደቂቃ ገደማ ምት ትርገበገባለች። የእርግብግቢቱ ፍጥነት ብቻውን ምድር ከምታመጣው 9 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል።

ከዚያ ነጠብጣቦቹ ይመጣሉ። መግነጢሳዊ ኃይል በአንድ ቦታ ሲጠነክር ከሥር የሚወጣውን ሙቀት ያግዳል፤ ያ ቦታ ከአካባቢው በሺህ ዲግሪና ከዚያ በላይ ስለሚቀዘቅዝ ጠቁሮ ይታያል። ፀሐይ በራሷ ዛቢያ ላይ በ25 ቀን ገደማ ትሽከረከራለች፤ አንደኛው ጎኗ ወደ እኛ ይመጣል፣ ሌላኛው ይርቃል። ነጠብጣብ በሚመጣው ጎን ላይ ሲሆን ከዚያ ጎን የሚደርሰን ብርሃን ይቀንሳል። የሚርቀው ጎን ያመዝንና ኮከቡ ከእኛ የሚሸሽ ያስመስለዋል። ነጠብጣቡ መሐሉን አልፎ ወደ ሌላው ጎን ሲሻገር ነገሩ ይገለበጣል፤ ኮከቡ የሚቀርብ ይመስላል። አንድ ዙር ሲሞላ ደግሞ ያው ይደገማል። ወደ እኛ፣ ከእኛ፣ ወደ እኛ፣ ከእኛ። ይህ ልክ ፕላኔት የሚሠራው ሥራ ነው። ያለ ፕላኔት ተሠራ።

በነጠብጣቦቹ ዙሪያ ከቀሪው ገጽ ደምቀው የሚታዩ ሰፋፊ ቦታዎችም አሉ። ዓይን የሚስበው ጥቁሩ ነው እንጂ ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ላይ ትልቁን ጥፋት የሚያደርሱት እነዚህ ናቸው። መግነጢሳዊ ኃይሉ በእነዚህ ቦታዎች የጋዙን መንተክተክ ያፍነዋል፤ ወደ ሰማያዊ ያዘነበለው ብርሃን በዚያ ልክ ይጎድላል። ውጤቱ በሰከንድ በሜትር የሚቆጠር የሐሰት ፍጥነት ነው። የምንፈልገው ግን 9 ሴንቲ ሜትር መሆኑን አንርሳ።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ስጋት አይደለም። በ2007 ግሊዝ 581 በተባለ፣ ከእኛ 20 የብርሃን ዓመት በሚርቅ ትንሽ ቀይ ኮከብ ዙሪያ «ዲ» የተባለች ፕላኔት መኖሯ ተነገረ። ቆይቶም ውሃ በፈሳሽነት ሊቆይ በሚችልበት ርቀት ላይ ናት ተባለ። በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው ልቡ ተነካ። በነሐሴ 2009 ከአውስትራሊያ፣ ካንቤራ አጠገብ ካለው የጠፈር መገናኛ ጣቢያ ወደ 26,000 የሚጠጉ ከሕዝብ የተሰበሰቡ አጫጭር መልእክቶች ወደዚያች ፕላኔት በሬዲዮ ተላኩ። በ2010 ደግሞ «ጂ» የምትባል፣ ይበልጥ ለሕይወት የምትመች ሌላ ፕላኔት በዚያው ኮከብ ዙሪያ አለች ተባለ። በ2014 ፖል ሮበርትሰን እና ባልደረቦቹ መረጃውን እንደገና መረመሩ። ኮከቡ በራሱ ዛቢያ ላይ በ130 ቀን አንዴ ይዞራል። የፕላኔቷ ዓመት የተባለው 66 ቀን የዚያ ግማሽ ያህል ነው። በኮከቡ ላይ ያለው መግነጢሳዊ ሁከት ሲጨምርና ሲቀንስ «የፕላኔቷ» ምልክትም አብሮት ይለዋወጣል። የኮከቡን ድርሻ ሲቀንሱ ዲ ጠፋች። ጂም የቆመችው በዲ ላይ ስለነበር አብራ ሄደች። ክርክር አልጠፋም፤ ኋላ የተሠሩ ጥናቶች ግን ፍርዱን አጸኑት። የተላኩት መልእክቶች አሁንም በጉዞ ላይ ናቸው።

የባሰው በ2012 የደረሰው ነው፤ የጎረቤት ጉዳይ ነበርና። አልፋ ሴንታውሪ ቢ ከእኛ አራት የብርሃን ዓመት ከጥቂት የሚርቅ፣ ፀሐይን የሚመስል ኮከብ ነው። ዣቪዬ ዱሙስክ እና ባልደረቦቹ በሃርፕስ ለአራት ዓመት ከተሰበሰቡ 459 ልኬቶች ውስጥ በሰከንድ 51 ሴንቲ ሜትር የሆነች፣ በሦስት ቀን ከሩብ የምትመላለስ እንቅስቃሴ አገኙ። ምድርን የምታህል ፕላኔት፣ ያውም በቅርብ ጎረቤታችን! ተመራማሪዎቹ የኮከቡን ሁከት አልዘነጉም፤ በጥንቃቄ አስልተው ቀንሰው ነበር። በ2015 ማብቂያ ላይ ቪኔሽ ራጅፖል፣ ሱዛን ኤግሬን እና ስቲቨን ሮበርትስ ከኦክስፎርድ የሠሩት ሥራ ግን ማየት የሚገባ ነው። ምንም ፕላኔት የሌለው የኮምፒውተር ኮከብ ሠሩ። ይህን ኮከብ እውነተኛው ኮከብ በተለካባቸው በእነዚያው ሌሊቶችና ሰዓቶች ለኩት። ከዚያ ያንኑ የቀነሳ ስሌት ሠሩበት። የሦስት ቀን ከሩቧ «ፕላኔት» ብቅ አለች። ምልክቱ የመጣው ልኬቶቹ ከተወሰዱባቸው ቀናት አጣጣልና ከኮከቡ ሁከት ቅልቅል ነበር።

እኔ ይህን የሳይንስ ውርደት አድርገው ከሚያወሩት ጋር አልስማማም። ግኝቱን ያቀረቡት ሰዎች ልኬቶቻቸውን አንድም ሳያስቀሩ ይፋ ስላደረጉ ነው ሌሎች ሊፈትኗቸው የቻሉት። ፕላኔት መሰረዝ ፕላኔት ከማግኘት ያላነሰ ሥራ ነው፤ ኬሎም ከመጀመሪያው ግኝት ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2001፣ አንድ ፕላኔት የመሰለ ምልክት የኮከብ ነጠብጣብ መሆኑን ያስረዳ ጽሑፍ ከባልደረቦቹ ጋር አውጥቷል። ዱሙስክም ከአልፋ ሴንታውሪ በኋላ የያዘው ሥራ ይህንኑ የኮከብ ሁከት ማጥናት ነው።

ከዚያ ሥራ አንዱ፣ በእኔ ግምት የዚህ ዘርፍ ብልሃት ሁሉ የተጠራቀመበት፣ ከካናሪ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በላ ፓልማ፣ በተራራ ላይ ያለው ትንሽ የፀሐይ ቴሌስኮፕ ነው። በተራራው አናት ላይ መስታወቱ ከሦስት ሜትር ተኩል የሚሰፋ፣ በጋሊሊዮ ስም የተጠራ የጣሊያን ቴሌስኮፕ አለ። ሃርፕስ-ኤን የተባለው፣ የቺሊው ሃርፕስ መንትያ፣ ከ2012 ጀምሮ በዚህ ቴሌስኮፕ ሌሊት ሌሊት ከዋክብትን ይለካል። ቀን ቀን ግን ሥራ ፈት ነበር። ከ2015 ወዲህ ሌንሷ ከ8 ሴንቲ ሜትር የማይሰፋ ትንሽ ቴሌስኮፕ ከደጅ ተተክላ ቀኑን ሙሉ ፀሐይን ትከተላለች። የምትሰበስበው ብርሃን በቀጥታ ወደ ስፔክትሮግራፉ አይሄድም። በመጀመሪያ ውስጡ ነጭ በሆነ ትንሽ ሉል ውስጥ ገብቶ እየተንጸባረቀ ይደባለቃል። ነጠብጣቡ የት እንዳለ፣ የቱ ጎን ብሩህ እንደሆነ መለየት እስኪያቅት ድረስ ይዋሃዳል። ፀሐይ እንደማንኛውም የሩቅ ኮከብ አንዲት ነጥብ ትሆናለች። ከዚያ በኋላ ነው በቀጭን የብርሃን ገመድ ወደ ሃርፕስ-ኤን የሚገባው። አንዱ ልኬት አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ የፀሐይን የአምስት ደቂቃ እርግብግቢት እርስ በርሱ እንዲጣፋ ታስቦ የተመረጠ ጊዜ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የፀሐይን ፕላኔቶች አንድ ሳይቀር እናውቃቸዋለን። ጁፒተር ዛሬ የት እንዳለች፣ ቬነስ ፀሐይን በምን ያህል እንደምታነቃንቅ አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ያን ሁሉ ከልኬቱ ላይ ሲቀንሱ የሚቀረው የፀሐይ የራሷ ሁከት ብቻ ነው። በዚያው ሰዓት ደግሞ ናሳ በ2010 ያመጠቀው የፀሐይ ሳተላይት የገጿን ዝርዝር ፎቶ ያነሳል። አንዱ መረጃ ሁከቱ ስንት እንደሆነ ይናገራል፤ ሌላው ከየትኛው ነጠብጣብና ከየትኛው ብሩህ ቦታ እንደመጣ ያሳያል። መልሱ በእጅ ያለ ፈተና ማለት ይህ ነው። በፀሐይ ላይ የተሠራ የማጥሪያ ዘዴ ቬነስን የምታህል ምልክት ከሁከቱ ነጥሎ ማውጣት ካልቻለ፣ በሩቅ ኮከብ ላይ የሚለንን የምናምንበት ምክንያት የለም። ሌሎችም የስፔክትሮግራፍ ጣቢያዎች ይህን አይተው የየራሳቸውን ትንሽ የፀሐይ ቴሌስኮፕ ተክለዋል።

የማጥሪያ ዘዴዎቹ በአንድ ሐሳብ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ፕላኔት የኮከቡን መስመሮች ሁሉ በእኩል ያንሸራትታል፣ ቅርጻቸውን ግን አይነካም። ነጠብጣብ መስመሩን ያጣምማል፤ አንዱን መስመር ከሌላው አብልጦ ይነካል፤ በሰማያዊ ብርሃን ሲጎላ በኢንፍራሬድ ይደክማል። የካልሲየም ሁለት መስመሮች በተለይ የመግነጢሳዊ ሁከት ምስክር ናቸው። ኦሊን ዊልሰን በካሊፎርኒያው ማውንት ዊልሰን በ1966 በእነዚህ መስመሮች የከዋክብትን ዑደት መከታተል ሲጀምር ለፕላኔት ፍለጋ እንደሚውሉ የገመተ አልነበረም።

ኮከቡ የሚያስቸግረው በፍጥነት ልኬት ብቻ አይደለም። በ2009 የመጠቀው የኬፕለር የጠፈር ቴሌስኮፕ ፕላኔት በኮከቧ ፊት ስታልፍ የሚደርሰውን የብርሃን ቅናሽ ይጠብቅ ነበር። ምድር በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለ13 ሰዓት ያህል ከሚሊዮን 84 እጅ ብርሃን ትሸፍናለች። ዕቅዱ የወጣው ሌሎች ከዋክብትም እንደ ፀሐይ የረጉ ናቸው ተብሎ ነበር። አብዛኞቹ ከፀሐይ ይበልጥ የሚዋዥቁ ሆነው ተገኙ። በሦስት ዓመት ተኩል ያልቃል የተባለው ሥራ ዕጥፍ ጊዜ አስፈለገው፤ በ2012 ተጨማሪ ጊዜ ተፈቀደለት። በ2013 ግን አቅጣጫውን ከሚያስጠብቁለት መዘውሮች ሁለተኛው ተሰበረና ዋናው ምልከታ ቆመ። ፀሐይን ከመሰሉ ከዋክብት ስንቱ እውነተኛ የምድር መንትያ እንዳለው ዛሬም በልበ ሙሉነት የማንናገረው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

የጀምስ ዌብ ቴሌስኮፕም ከዚህ ፈተና አላመለጠም። በ2023 ጂጄ 486 ቢ በተባለች ዓለታማ ፕላኔት ላይ የውሃ ተን የሚመስል ምልክት አይቷል። ችግሩ የፕላኔቷ ኮከብ ቀዝቃዛና ቀይ መሆኑ ነው፤ እንዲህ ያለ ኮከብ በነጠብጣቦቹ ውስጥ የራሱ የውሃ ተን ይኖረዋል። ውሃው የፕላኔቷ ይሁን የኮከቡ ከዚያ መረጃ ብቻ መለየት አልተቻለም። ሰባት ፕላኔቶች ያሉት ትራፒስት-1ም በተመሳሳይ ተመራማሪዎችን እያስቸገረ ነው።

ይሁን እንጂ ኮከቡን ጠንቅቆ ያጠና ሰው ይሳካለታል። ጊዬም አንግላዳ-ኤስኩዴ እና ቡድኑ በ2016 በፕሮክሲማ ሴንታውሪ ዙሪያ ፕላኔት ሲፈልጉ ፍጥነቱን በየሌሊቱ እየለኩ፣ በሌሎች ቴሌስኮፖች ደግሞ የኮከቡን የብርሃን መዋዠቅ ጎን ለጎን ይከታተሉ ነበር። ፕሮክሲማ ቁጡ ኮከብ ነው፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ በብዙ አሥር እጥፍ ደምቆ የፈነዳ ነበልባል ተመዝግቦበታል። የ11 ቀኗ ምልክት ግን ከኮከቡ መዋዠቅም ሆነ ከዙረቱ ጋር አልገጠመችም። ኤስፕሬሶ በ2020 አረጋገጣት። ፕላኔቷ ዛሬም አለች።

ለፀሐይ መሰል ከዋክብት የተያዘው ዕቅድ ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነው። በላ ፓልማ ባለው የአይዛክ ኒውተን ቴሌስኮፕ ላይ ሃርፕስ-3 የተባለ ሦስተኛ ወንድም ተተክሎ፣ ጥቂት አሥር ከዋክብትን ብቻ መርጦ፣ በሚታዩበት ሌሊት ሁሉ ለአሥር ዓመት እንዲለካ ታስቧል። ብዙ ከዋክብትን አልፎ አልፎ ከማየት ጥቂቶቹን ያለማቋረጥ ማየት ይሻላል የሚለው ውሳኔ ከአልፋ ሴንታውሪ ቢ የተወሰደ ትምህርት አለበት፤ እኔም ትክክለኛ ውሳኔ ነው እላለሁ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ «ሁለተኛዋ ምድር ተገኘች» የሚል ዜና ሲደርስዎት ስለ ፕላኔቷ ከማንበብዎ በፊት ስለ ኮከቡ ይጠይቁ። በራሱ ዛቢያ ላይ በስንት ቀን ይዞራል? የፕላኔቷ ዓመት ከዚያ ቁጥር ጋር፣ ወይም ከግማሹና ከሲሶው ጋር ይቀራረባል? በሌላ መሣሪያ፣ በሌሎች ሰዎች ታይታለች? ዜናው ለእነዚህ መልስ ከሌለው፣ ፕላኔቷን ገና በዕጩነት ይያዟት።